ያቺ 195 ሜትር ከየት መጣች?

ጥያቄ፦ ልጄ "ማራቶን ለምን 42 ኪሎ ሜትር ላይ አያቆምም? 195 ሜትሯ ምንድን ናት?" ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አጣሁላት። ደግሞ ኦክቶፐስ ስንት ልብ አለው?

መልስ፦ ልጅዎ ጎበዝ ናት! በ1896 እ.ኤ.አ. በአቴንስ የተካሄደው የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ማራቶን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ከዚያ በኋላ ርቀቱ ከውድድር ውድድር ይለያይ ነበር። በ1908 ለንደን ላይ ሩጫው ከዊንዘር ቤተ መንግሥት ተነስቶ ስታዲየሙ ውስጥ ከንጉሣውያኑ መቀመጫ ፊት ለፊት እንዲያበቃ ተደረገ። 195 ሜትሯ የመጣችው በዚህ ነው። በ1921 ደግሞ ይኸው ርቀት ቋሚ ሆነ።

የዚያ ቀን ታሪክ ሁሌም አንጀቴን ይበላዋል። ጣሊያናዊው ዶራንዶ ፒየትሪ እየመራ ስታዲየም ገባ። ግን አቅሙ አልቆ ደጋግሞ ወደቀ። ሰዎች ደግፈው መጨረሻውን አሻገሩት። በዚሁ ምክንያት ውጤቱ ተሰረዘ፤ ወርቁም ለአሜሪካዊው ጆኒ ሄይስ ሆነ። በማግስቱ ንግሥት አሌክሳንድራ ለፒየትሪ ዋንጫ ሰጠችው። ደግ አደረገች።

ኦክቶፐስ ሦስት ልብ አለው። ሁለቱ ደም ወደ ስንጥቡ (ውሃ ውስጥ ወደሚተነፍስበት አካል) ይልካሉ፤ አንዱ ለቀሪው አካል ያዳርሳል። ሲዋኝ ይህ ዋናው ልብ መምታቱን ያቆማል። ለዚህም ነው ከመዋኘት ይልቅ መዳህ የሚቀለው።