ነገ ይዤው ልምጣ?

ለወጣት መምህራን፣

ባለፈው ሳምንት አንዲት አዲስ የፊዚክስ መምህርት ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ላብራቶሪ የለንም። ድምፅን በምን ላስተምር?» አለችኝ። መልስ ሳልጀምር አንድ ልጅ ትዝ አለኝ።

ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ክፍሉ ጢም ብሏል። «ድምፅ የሚፈጠረው ነገሮች ሲርገበገቡ ነው» ብዬ ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ። ከኋላ አንድ ዝምተኛ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ክራር ሲመታ ድምፁ ጥርት ይላል። የአያቴ በገና ግን ይነዝራል። ለምንድን ነው?»

አላውቅም ነበር። ያንን አፍ አውጥቶ መናገር ደግሞ ሞት መሰለኝ። «ነገ ይዤው ልምጣ?» ሲለኝ፣ «ይሄ ፊዚክስ ነው እንጂ የበገና ትምህርት አይደለም። ቁጭ በል!» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ እጁን ሲያወጣ አላየሁትም።

መልሱን ያገኘሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በሁዳዴ፣ አንድ በገና ደርዳሪ ቤት ነው። አሥሩን አውታሮች እያሳዩኝ ሳለ ከአንዱ አውታርና አውታሮቹ ከሚያርፉበት ድጋፍ፣ ከበርኩማው፣ መካከል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ አወጡ። እንዚራ ይሏታል። ሲደረድሩት ንዝረቱ ጠፋ፤ ድምፁ ቀጠነ። መልሰው ሲያስገቧት ነዘረ። አውታሩ ቆዳዋን ነካ ለቀቅ እያደረገ በዋናው ድምፅ ላይ ብዙ ቀጫጭን ድምፆች ይጨምርበታል። ልጁ ይዞልኝ ሊመጣ የነበረው ይሄንን ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃን ነበር።

በጣና ገዳማት የድንጋይ ደወል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ድንጋይ እንደ ብረት ሲጮህ ስሰማም ያው ልጅ ነው ትዝ ያለኝ።

የዛሬ መምህራን ቪዲዮ ታበዛላችሁ። ስልክ ከፍታችሁ ታሳያላችሁ፣ አለቀ። የተማሪው ጣት ግን ምንም አልነካም። እርግጥ ነው፣ ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ክላድኒ በ1787 ያሳተመውን፣ በሚርገበገብ ብረት ላይ አሸዋ ቅርፅ ሲሠራ የሚያሳየውን ሙከራ እኔም ያየሁት በልጅ ልጄ ስልክ ነው። አፌን ከፍቼ ነው ያየሁት።

ለመምህርቷ እንዲህ አልኳት። ጎድጓዳ ሳህን ላይ ፌስታል ወጥረሽ ጨው በትኚበት። አጠገቡ ድስት ምቺ፤ ጨው ይዘላል። ሜዳ ላይ አንዱን ልጅ 170 ሜትር አርቀሽ ቆርቆሮ አስመቺው። ምቱ መጀመሪያ ይታያል፣ ድምፁ ከግማሽ ሰከንድ በኋላ ይደርሳል። ከሁሉ በፊት ግን እቤታቸው ምን የሚጮህ ነገር እንዳለ ጠይቂያቸው።

ትንሽ ዝም አለች። «የመሪጌታ ልጅ አለኝ፤ ከበሮ አያጣም» አለች።

«መቼ ያመጣል?»

«ነገ።»