ፕሌኮ ተብሎ የተሸጠው ዓሣ ወገኑ የቱ ነው? ሐይቅ ይለቀቃል ወይ?

ወንድም፣ የጠየቅከው ሁለት ነገር ነው፤ «ፕሌኮ» ብለው የሸጡልህ መስታወት ላይ የሚለጠፈው ዓሣ ወገኑ የቱ ነው፣ ገንዳው ሲጠበውስ ሐዋሳ ሐይቅ ልልቀቀው? ሁለተኛውን ላስቀድም፦ በፍጹም አትልቀቀው።

ፕሌኮ የገበያ ስም ነው። ሎሪካሪዴ በሚባለው የደቡብና የመካከለኛው አሜሪካ ጥሩር ለበስ አምባዛ ቤተሰብ ውስጥ ያሉ ብዙ ወገኖች (ወገን ማለት የተቀራረቡ ዝርያዎች ስብስብ ነው) በዚሁ ስም ይሸጣሉ። ለመለየት በቀለም አትመራ፣ ከዕድሜና ከብርሃን ጋር ይለዋወጣል። የጀርባ ክንፉን ሲዘረጋ ከጎን ፎቶ አንሳውና ከፊት ያለውን ጠንካራ እሾህ ትተህ ክንፉን ወጥረው የያዙትን ዘንጎች ቁጠር። 7 አካባቢ ከሆኑ ብዙ ጊዜ ሃይፖስቶመስ ወይም አንሲስትረስ የሚባለው ወገን ነው። 9 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ ብዙ ጊዜ ፕተሪጎፕሊክቲስ ነው። ጫፉ የተበላ ክንፍ ስለሚያሳስት ከሥሩ ቁጠር። የአንሲስትረስ ወንድ ሲያድግ አፍንጫው ላይ ለስላሳ ቀንድ መሳይ ነገር ያበቅላል።

ፕተሪጎፕሊክቲስ ከሆነ መስታወት ላይ ሲለጠፍ ሆዱን እይ። ነጠብጣቦቹ የተነጣጠሉ ከሆኑ ፓርዳሊስ፣ ተያይዘው እንደ ትል የተጠማዘዙ ከሆኑ ዲስጀንክቲቨስ ይባላል። ሁለቱ ስለሚዳቀሉ መሃል ላይ ያለ ሲያጋጥምህ በፎቶ ብቻ ዝርያ አትወስን። ወገኑን የዓሣ ተመራማሪው ጊል እ.ኤ.አ. በ1858 ሰይሞታል። ሊፖሳርከስና ግሊፕቶፔሪክቲስ የሚሉ ስሞች የቆየ ጽሑፍ ላይ ካገኘህ አትደናገር፤ ሌላው የዓሣ ተመራማሪ አርምብረስተር እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ጥናት እዚሁ ወገን ውስጥ ተጠቃለዋል።

ልዩነቱ ኪስህንም ይነካል። አንሲስትረስ 15 ሳንቲሜትር ገደማ ላይ ስለሚቆም 100 ሊትር ይበቃዋል። ፕተሪጎፕሊክቲስ ግን 40 ሳንቲሜትርን ያልፋል፤ ከ400 ሊትር በታች ማሰብ የለብህም። ብዙ ስለሚጸዳዳ አሞኒያ ቶሎ ይከማቻል፤ በየሳምንቱ ሩቡን ውሃ ቀይር፣ የቧንቧውን ውሃ ክሎሪኑን ሳታስወግድ አትጨምር። ገንዳው ውስጥ እንጨት አኑርለት፤ ማታ መብራት ካጠፋህ በኋላ ዝኩኒ ወይም ኪያር ቆርጠህ ስጠው፣ የተረፈውን ጠዋት አውጣ። በአልጌ ብቻ ይኖራል የሚለው ወሬ ዓሣውን ይገድለዋል። ሲርበው ደግሞ የወርቅ ዓሣ ጎን ላይ ተለጥፎ የቆዳውን ልጋግ ይልሳል።

ወደ ሐይቁ ልመለስ። ፕተሪጎፕሊክቲስ አየር ጎርሶ በጨጓራው ስለሚተነፍስ ኦክስጅን ባነሰበት ውሃም ይተርፋል። ወንዱ እንቁላል ለመጠበቅ ዳርቻውን ሰርስሮ ጉድጓድ ይሠራል፣ አፈሩም ይናዳል። ፍሎሪዳ፣ ሜክሲኮና ፊሊፒንስ ይህን አይተውታል። እሾሁ መረብ ውስጥ ይተበተባል፤ አሞራ ገደል በሚባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳር የዓሣ ገበያ ጀልባቸውን የሚያሳርፉት አስጋሪዎች ኑሯቸው መረባቸው ነው። ሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፣ የዓሣ ዝርያዎቹም ጥቂት ናቸው። አንዴ ከተራባ በኋላ ቆሮሶውንና የራሳችንን አምባዛ ሳትነካ እሱን ለይተህ የምታጠፋበት መንገድ የለም። ጥቁር ውሃ ወንዝ ብትለቀውም ወንዙ ሐይቁ ስለሚገባ ያው ነው።

ከጠበበህ ለሸጠህ ሱቅ መልስ ወይም ትልቅ ገንዳ ላለው ስጥ። ስታወጣው መረብ አትጠቀም፤ የክንፉ እሾህ ይያዝና ስትጎትተው ይቀደዳል። ሰፊ የፕላስቲክ ሳህን ከሥሩ አስገብተህ ከነውሃው አንሳው፣ ክዳን ባለው ባልዲ ውሰደው።