መልስ፦ 73939133 ምኑ ነው ልዩ?

ሰላም ወንድሜ። 73939133 ለምን እንደሚደነቅ ጠይቀሃል። እኔ ጅማ ውስጥ የሰፈር ልጆችን ሒሳብ አስጠናለሁ፤ ይህን ቁጥር በጣም እወደዋለሁ።

መጀመሪያ ነገር ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከ1 እና ከራሱ በቀር ለምንም እኩል አይካፈልም። አሁን የመጨረሻዋን 3 ሰርዛት። 7393913 ይቀራል። እሱም ብቸኛ ነው! ደግመህ ሰርዝ፤ 739391። ከዚያ 73939፣ 7393፣ 739፣ 73፣ በመጨረሻም 7። ሁሉም ብቸኛ ናቸው። ባለፈው ክረምት ዝናቡ አላስወጣ ሲለን ከልጆቹ ጋር 7393ን በእጅ እያካፈልን አረጋገጥን። እስከ 83 ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ይበቃል፤ 86 በ86 ሲባዛ 7396 ነዋ፤ ከ7393 ይበልጣል፤ ስለዚህ 7393 የሁለት ቁጥሮች ብዜት ቢሆን አንዱ ከ86 ማነስ ነበረበት።

ታዲያ ሰንሰለቱ ለምን 73939133 ላይ ቆመ? እስቲ በስተቀኝ አንድ አሃዝ ጨምርበት። ተጋማሽ ከሆነ ለ2፣ 5 ከሆነ ለ5 ይካፈላል። የቀሩት 1፣ 3፣ 7 እና 9 ናቸው። የአሃዞቹ ድምር 38 ስለሆነ 1 ወይም 7 ሲጨመር ውጤቱ ለ3 ይካፈላል። 3 እና 9ም አያዋጡም፤ የእነሱ አካፋይ ግን እንዲህ በቀላሉ አይታይም።

በአስር ቤት አቆጣጠር፣ ማለትም ከ0 እስከ 9 ባሉት በተለመዱት አሃዞች ሲጻፉ፣ እንዲህ ከቀኝ እየተሰረዙ እስከ መጨረሻው ብቸኛ የሚሆኑት 83 ቁጥሮች ብቻ ናቸው። ትልቁ ይሄ ያንተ ቁጥር ነው።