ሁለት ቤዝመንት ወይስ ሁለት ፎቅ? ለሜክሲኮዋ እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ አካባቢ ከአባታችሁ በወረሳችሁት 20 በ20፣ ማለትም 400 ካሬ ቦታ ላይ ልትሠሩ ነው። አርክቴክቱ ሁለት ቤዝመንት፣ ማለትም መኪና የሚቆምበት ከመሬት በታች ያለ ወለል፣ ይሁን ይላል፤ ወንድሞችሽ ደግሞ «ሁለተኛው ቤዝመንት የሚበላው ብር ወደ ላይ ሁለት ፎቅ ይጨምርልናል» ይላሉ። እኔ ከአርክቴክቱ ጋር ነኝ።

ስታዲየም ጀርባ አምስት ሆነን ሕንፃ ስንሠራ ልክ እንደ ወንድሞችሽ አስበን ነበር። አንድ ቤዝመንት ብቻ ቆፈርን። ሕንፃው እንዳለቀ አንድ ነጋዴ ያን ቤዝመንት ለዕቃ ማከማቻ በጥሩ ዋጋ ጠየቀንና አከራየነው። ሁለት ዓመት ያህል ደስ ብሎን በላን። ከዚያ ቁጥጥር መጣ፤ ፈቃዱ ላይ የተጻፈው የመኪና ማቆሚያ ነውና ታሸገብን። ይህ ሳያንስ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የነበረው ተከራያችን «ደንበኞቼ መኪና የሚያቆሙበት አጥተው ይመለሳሉ» ብሎ ለቀቀ። ፎቁ ሰባት ወር ባዶውን ተቀመጠ። በማከማቻው ያገኘነውን እዚያ ከፈልነው።

አሁን ቁጥሩን አብረን እንየው፣ ምክንያቱም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንድ መኪና የሚቆምበት ቦታ 2.5 በ5 ሜትር ነው፤ ግን መዞሪያው ወደ 6 ሜትር ስፋት ስለሚፈልግ ለአንድ መኪና በትንሹ 25 ካሬ ያዢ። ከ400 ካሬ ላይ ራምፑን (መኪናው ወደ ታች የሚወርድበትን ተዳፋት)፣ ደረጃውን፣ ሊፍቱን፣ የውሃ ታንከሩንና ጄኔሬተሩን ስትቀንሺ ስምንት፣ ቢበዛ አሥር መኪና ነው የሚቀርልሽ። እኛ ዘንድ ደግሞ አንድ የቢሮ ፎቅ ብቻውን አራትና አምስት መኪና ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ወንድሞችሽ የሚጨምሩት እያንዳንዱ ፎቅ ኪራይ ብቻ ሳይሆን መኪናም ያመጣል። ስንት ማቆሚያ ማቅረብ እንዳለባችሁ የፕላን ስምምነት (ቦታው ላይ ምን መሥራት እንደሚፈቀድ የሚገልጸውን ወረቀት) ስትወስዱ ይነገራችኋል።

ራምፑን በደንብ ተመልከቺው። ከሶሌታ እስከ ሶሌታ (ከአንዱ ወለል ኮንክሪት እስከ ሌላው) 3.2 ሜትር ቢሆንና ቁልቁለቱ በመቶ 15 ቢሆን፣ መኪናው ሆዱን እንዳይመታ ከላይና ከታች ለዘብ ሲደረግ ርዝመቱ 24 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። የናንተ ቦታ 20 ሜትር ነው! ቀጥ ብሎ አይገባም ማለት ነው፤ የግድ መታጠፍ አለበት፣ ሲታጠፍ ደግሞ ስፋት ይበላል። ኮለኖቹም (ሕንፃውን የሚሸከሙት ምሰሶዎች) ቦታ ይበላሉ። በሁለት ኮለን መካከል ሦስት መኪና እንዲቆም ከ7.5 ሜትር ያላነሰ ክፍተት ያስፈልጋል። የእኛ አርክቴክት ኮለኖቹን ለላይኛው ሱቅ እንዲመቹ አስቀምጦ፣ ታች ሦስት መኪና ሊቆም በሚገባው ቦታ ሁለት ነው የሚቆመው። ስለዚህ መጀመሪያ ቤዝመንቱ ይነደፍ፤ ላዩ ይከተለዋል።

ስለ ከፍታው «ንግድ ባንክ 209 ሜትር ሲወጣ እኛን ለምን ይከለክሉናል» ብለሻል። ከፍታ የሚወሰነው በአካባቢው ፕላን፣ በመንገዱ ስፋትና በቦታው መጠን ነው፤ የጎረቤት ሕንፃ መብት አይሰጥም። ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ በትልቅ ማኮብኮቢያ ዙሪያ እስከ 4 ኪሎ ሜትር ድረስ ያለው የሕንፃ ከፍታ ወሰን 45 ሜትር ነው፤ ከዚያ በኋላ በየ20 ሜትሩ አንድ ሜትር እያለ ይጨምራል። ልብ በይ፣ 45ቱ የሚለካው ከናንተ ግቢ ሳይሆን ከማረፊያው ከፍታ ነው፤ እሱም ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,330 ሜትር ገደማ ነው። ከተማው ወደ ሰሜን ሽቅብ ስለሚሄድ መሬቱ ራሱ ከፍታችሁን ይበላባችኋል። የአቪዬሽን ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ዲዛይን ሳይጀመር ጠይቁ። ደግሞ የሕንፃ አዋጅ 624/2001 ከ12 ሜትር በላይ የሆነን ሕንፃ ምድብ ሐ፣ ማለትም ከሦስቱ ከፍተኛው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል፤ በርካሽ ባለሙያ የሚያልፍ ሥራ አይደለም።

የአፈር ምርመራውን ገንዘብ አትሰስቱ። ቁፋሮውን ከመስቀል በኋላ ጀምራችሁ ሪቴይኒንግ ዎሉን (የተቆፈረውን አፈር ደግፎ የሚይዘውን ግንብ) ክረምት ሳይገባ አቁሙት። እኛ ግንቦት ላይ ቆፍረን ሐምሌ ላይ የጎረቤት አጥር ተደርምሶብን፣ አጥሩንም የአዛውንቷን ማድቤትም ሠርተን ሰጥተናል። ወይዘሮዋ ሌሊት ደንግጠው ሲወጡ ያየሁት ዛሬም አይረሳኝም። የራምፑ አፍ ላይ ደግሞ ከመንገዱ ከፍ ያለ ጉብታና ሰፊ የውሃ ፍርግርግ ይኑር፤ ፓምፑም ከጄኔሬተር ጋር ይያያዝ፣ ዝናቡና የመብራቱ መጥፋት አብረው ነውና የሚመጡት።

ሁለተኛው ቤዝመንት እውነት አቅም ካጣ፣ ከፎቁ ቀንሱ እንጂ ከማቆሚያው አትቀንሱ። አጠገባችሁ ያለው ባለይዞታም ሊሠራ ካሰበ ደግሞ አሁኑኑ አነጋግሩት፤ ራምፑ የጋራ ከሆነ ሁለታችሁም የየራሳችሁን ቦታ ታተርፋላችሁ። እኛ ይህን ያሰብነው የጎረቤታችን መሠረት ከወጣ በኋላ ነው።

የቤዝመንቱን ፕላን ኮለኖቹና ልኬቱ እንዲታዩ አድርገሽ እዚህ ለጥፊው፤ ስንት መኪና እንደሚገባ ከወንድሞችሽ ጋር ሆነን እንቆጥረዋለን።