ሮምን ብቻ አትዩ፣ ቦሎኛንም እዩ

ልጆቼ፣ ባለፈው ሰሞን አንድ ወጣት ቤቴ መጥቶ ነበር። እዚሁ ቦሎኛ ተወልዶ ያደገ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚማር፣ አማርኛውም የሚጥም ልጅ ነው። ቡና እየጠጣን የምርጫ ነገር ተነሳ። «እኔ ለሬጆኔ (ለክልሉ) ምርጫ አልወጣሁም እትዬ፤ ሥልጣኑ ሮም ነው ያለው፣ እነዚህ ምን ያደርጉልኛል?» አለኝ። ያን ቀን እንግዳ በዝቶ ስለነበር በደንብ አልመለስኩለትም። ነገሩ ግን ከሆዴ አልወጣም። እንደሱ የሚያስቡ ብዙ መሆናቸውን ስለማውቅ ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ነው።

እኔ ነርስ ነበርኩ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ዋና ከተማው ቦሎኛ በሆነው በክልላችን፣ በኤሚሊያ ሮማኛ ሆስፒታሎች ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። ማታ ተረኛ ሆነን ሰው ሲያንሰን፣ አልጋ ሲጠፋ፣ ተራራው ላይ ያለ ትንሽ ሆስፒታል ይዘጋል ሲባል፣ ሁሌ የምንሰማው ስም አንድ ነበር፦ ሬጆኔ። ሮም ገንዘቡን ያከፋፍላል፣ ለማንኛውም ዜጋ መቅረት የሌለበትን ሕክምና ይወስናል። ከዚያ በኋላ ሆስፒታሉን የሚያስተዳድረው፣ የጤና ድርጅቶቹን ዋና ኃላፊዎች የሚሾመው ክልሉ ነው። ከክልሉ በጀት ትልቁ ድርሻ የሚሄደው ለጤና ነው። እናታችሁ ለዓይኗ ምርመራ ቀጠሮ ጠይቃ ስንት ወር እንደምትጠብቅ የሚወሰነው በአብዛኛው እዚሁ ቦሎኛ ነው።

ጣልያን 20 ክልሎች አሏት። የእኛው 9 ፕሮቪንቺያዎች (አውራጃዎች) አሉት፣ ከፒያቼንሳ እስከ ሪሚኒ ድረስ ወደ አራት ሚሊዮን ተኩል ሕዝብ ይኖርበታል። ምክር ቤቱ 50 መቀመጫ ነው። የክልሉን ፕሬዚዳንት ከ2000 (እ.ኤ.አ.፣ ሁሉንም በዚሁ ነው የምቆጥረው) ጀምሮ ሕዝቡ በቀጥታ ይመርጠዋል። ፕሬዚዳንቱ ደግሞ አብረውት የሚሠሩትን ራሱ ይሾማል። ጣልያኖቹ ጁንታ ነው የሚሉት፤ ቃሉ በአገራችን ሌላ ነገር ስለሚያስታውስ ካቢኔ ልበለው። ሁለተኛ ዙር የለም። አንድ ድምፅም ቢሆን የበለጠ ያሸንፋል፣ ምክር ቤቱ ውስጥም አብላጫ ይዞ ይገባል።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ፕሬዚዳንቱ ሥልጣን ከለቀቀ ምክር ቤቱም አብሮ ይፈርሳል። በ2014 የክልሉ ፕሬዚዳንት ቫስኮ ኤራኒ አሥራ አምስት ዓመት ከመራ በኋላ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ስለፈረደበት ለቀቀ (በኋላ ነፃ ተብሏል)፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ምርጫ ተደረገ። የወጣው ሰው 37.7 በመቶ ብቻ ነበር። ልብ በሉ፣ ይሄ ክልል የክልል ምርጫ በተጀመረበት በ1970 ከ90 በመቶ በላይ የወጣበት ነው። ሰው ለስብሰባ፣ ለማኅበር፣ ለኮኦፔራቲቫ (ለኅብረት ሥራ) የሚሞትበት አገር ነው። ያን ቀን ሆስፒታል ውስጥ ስለ ምርጫው የሚያወራ ሰው እንኳ አላገኘሁም። ደነገጥኩ።

ከዚያ 2020 መጣ። ይሄን ሳነሳ አሁንም ስሜቴ ይነካል። ግራው ከ1970 ጀምሮ አንድም ጊዜ ያልተሸነፈበትን ክልል የቀኙ ፓርቲ ሌጋ ሊወስደው ደርሷል ይባል ነበር። የሌጋው መሪ ማቴዎ ሳልቪኒ ራሱ እጩ የሆነ ይመስል ከተማ ለከተማ ዞረ፤ እጩዋ ግን ሉቺያ ቦርጎንዞኒ ነበረች። ኅዳር 14 ቀን 2019 እዚህ ፓላዶዛ አዳራሽ ዘመቻውን ሲከፍት፣ አራት ወጣቶች ፌስቡክ ላይ «ፒያሳ ማጆሬ እንገናኝ፣ እንደ ሰርዲን ተጠጋግተን እንቁም» ብለው ጠሩ። አዳራሹ ከሚይዘው ለመብለጥ ስድስት ሺህ ሰው ነበር የፈለጉት። ከዚያ በእጅጉ የበለጠ ሕዝብ መጣ። ባንዲራ የለ፣ የፓርቲ አርማ የለ፣ በካርቶን የተቆረጠ ዓሣ ብቻ። እኔም ከሥራ ስወጣ በዚያው አለፍኩ።

ምርጫው አምስት ቀን ሲቀረው ደግሞ ሳልቪኒ ካሜራ አስከትሎ ፒላስትሮ ሰፈር ሄደና የአንድ የስደተኛ ቤተሰብ ቤት ሲቶፎኖ (የበር ስልክ) ደውሎ «እዚህ ዕፅ የሚሸጥ አለ ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ፒላስትሮን ታውቁታላችሁ፣ ዘመዶቻችንም ይኖሩበታል። በማግስቱ አብራኝ የምትሠራ የሞሮኮ ልጅ ዓይኗ አብጦ መጣች። የተደወለው የሷ በር አልነበረም፤ ግን የሁላችንም በር ነበር። ጥር 26 ቀን ከመራጩ 67.7 በመቶ ወጣ። የግራው እጩ ስቴፋኖ ቦናቺኒ 51.4 በመቶ አገኘ፣ ቦርጎንዞኒ 43.6። እኔ የማንም ፓርቲ አባል አይደለሁም፣ እናንተንም ማንን ምረጡ አልልም። ግን ያ ቁጥር ከ37.7 ወደ 67.7 የወጣው በአስማት አይደለም። ሰዎች፣ የእናንተ እኩዮችም ጭምር፣ ተነስተው ስለሄዱ ነው።

የሚያሳዝነኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በግንቦት 2023 ጎርፉ መጣ። ፋኤንሳ፣ ፎርሊ፣ ቼዜና፣ የራቬና ገጠር፣ ሁሉም ውሃ ውስጥ ገባ። 17 ሰው ሞተ። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ አካፋ ይዛችሁ ጭቃ ልትጠርጉ ሄዳችኋል፣ ፎቶአችሁን አይቻለሁ፣ ኮርቻለሁ። ከዚያ መልሶ ግንባታውን ማን ይምራ በሚለው ሮምና ክልሉ ሲነታረኩ ከረሙ፣ የሮም መንግሥት ሥራውን እንዲመራ ጄኔራል ፊሊውሎን ሾመ። በጥቅምት 2024 ደግሞ ቦሎኛ ራሷ ተመታች። ከከተማው ሥር የሚያልፈው ራቮኔ የሚባለው ወንዝ ገንፍሎ ቪያ ሳፊ አካባቢ መኪናውን ሁሉ እየገፋ ወሰደው። ወር ሳይሞላ ምርጫ ሆነ፤ ቦናቺኒ የአውሮፓ ፓርላማ ገብቶ ስለለቀቀ ነው። ውሃ መውረጃው፣ የወንዙ ግድብ፣ የቤቱ ካሳ፣ ሁሉም በጠረጴዛው ላይ ነበር። የወጣው 46.4 በመቶ። የራቬና ከንቲባ የነበረው የግራው እጩ ሚኬሌ ዴ ፓስካሌ 56.8 በመቶ አግኝቶ የቀኙን እጩ ኤሌና ኡጎሊኒን አሸነፈ። ማለቂያ የሌለው ጭቃ ሲጠርግ የዋለ ልጅ እሁድና ሰኞ ሁለት ቀን በር ተከፍቶለት ለምን ቀረ? ይሄን ነው የማይገባኝ።

«ምን ያደርጉልኛል» ላለኝ ልጅ ሌላ መልስ አለኝ። አዲሱ የክልል መንግሥት የጤናው ገንዘብ አልበቃ ስላለው የክልሉን የገቢ ግብር ከፍ አደረገ፣ ከግንቦት 2025 ጀምሮም የመድኃኒት ቲኬት (ታካሚው ከራሱ የሚከፍለውን ድርሻ) አስከፈለ። ሲጀመር በአንድ ፓኮ (እሽግ) 2.20 ዩሮ ነበር፣ በአንድ ሪቼታ (የሐኪም ማዘዣ) ከ4 ዩሮ አይበልጥም ነበር። ትክክል ነው ወይ ስህተት የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ነው፤ እኔ የነርስ እጥረቱን ስላየሁ ገንዘቡ ከየት ይምጣ እላለሁ። ግን ብዙዎቻችሁ ፋርማሲ ስትገቡ የምትከፍሉት ነው። የወሰነው ሮም አይደለም።

አሁን የጣልያን ዜግነት የሌላችሁን ላናግር። ዜግነት ከሌለ የክልል ድምፅ የለም። በ1992ቱ ሕግ 91 መሠረት ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለመጣ ሰው አሥር ዓመት ነው፣ ከማመልከቻው በኋላ ያለው ጥበቃ ደግሞ ሌላ ነው። እኔ ኮሙኔው (ማዘጋጃ ቤቱ) አዳራሽ ቆሜ የዜግነት ቃለ መሐላ የፈጸምኩ ቀን ልጄን ከወለድኩበት ቀን አይተናነስም። በሰኔ 2025 አሥሩን ዓመት ወደ አምስት ለማውረድ ሕዝበ ውሳኔ ተጠርቶ ነበር። ከግማሽ በላይ መራጭ መውጣት ነበረበት፣ የወጣው ሠላሳ በመቶ ገደማ ነው፣ ወደቀ። ዜጋ ሆኖ ቤቱ የተቀመጠ ሐበሻ ስንት እንደነበር እግዜር ይወቀው። እዚህ ተወልዳችሁ ሳታቋርጡ የኖራችሁ ደግሞ 18 ከሞላችሁ በኋላ 19 ሳይሞላችሁ ዜግነት ለመጠየቅ ኮሙኔ ሂዱ። «ነገ» አትበሉ። ስላልነገሯት ብላ ዕድሜዋ ያለፈባት የማውቃት ልጅ አለች፣ ስታለቅስ ያየኋት ከዓይኔ አይጠፋም።

ድምፅ አሰጣጡ ደግሞ አያስፈራም። ትምህርት ቤት ውስጥ ነው፣ መታወቂያና የምርጫ ካርድ ይዞ መሄድ ነው። ስልክ ይዛችሁ ወደ መጋረጃው አትገቡም። የማይፋቅ እርሳስ ይሰጣችኋል። ፕሬዚዳንቱን ከአንዱ ወገን፣ ዝርዝሩን ከሌላው መምረጥ ትችላላችሁ፣ በክልላችን ይፈቀዳል። ከዝርዝሩ ሁለት ሰው በስም መጻፍ ከፈለጋችሁ አንዱ ወንድ አንዷ ሴት መሆን አለባቸው፣ ካልሆነ ሁለተኛው ይሰረዛል። ስሞቹን አስቀድማችሁ እዩ፤ ስለ ቀጠሮ ወረፋ፣ ስለ ባቡር፣ ስለ ተማሪ ቤት ኪራይ ምን እንደሚሉ ጠይቁ። ፒያሳ ላይ ወረቀት ሲያድሉ ቆመው ታገኟቸዋላችሁ፣ ይመልሳሉ።

የምርጫ ካርዷ 18 የማኅተም ቦታ አላት፣ ስትሞላ ኮሙኔው አዲስ ይሰጣል። የኔ ሁለተኛዬ ናት፣ ከመድኃኒት መሳቢያዬ ውስጥ ነው የማኖራት። ያ ልጅ የሚቀጥለው እሁድ ለቡና ይመጣል። የሱን የት እንዳስቀመጣት እጠይቀዋለሁ።