«የቻይናውን ልማር ወይስ የአሜሪካውን?»

አብሽር ወንድሜ፣ ደብዳቤህ ደርሶኛል። ኮምቦልቻ የኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ምህንድስና አራተኛ ዓመት ተማሪ ነህ። ከጥያቄዎችህ አንዱ እንቅልፍ ነስቶሃል። «ጋሼ፣ ዓለም ለሁለት እየተከፈለ ነው። የቻይናውን የሁዋዌን የኔትወርክ ሰርተፊኬት ብይዝ የአሜሪካኖቹ በር ይዘጋብኛል። የአሜሪካውን የሲስኮን ብይዝ እዚህ ያለው ዕቃ የቻይና ነው። ተሳስቼ እንዳልመርጥ ፈራሁ» ትላለህ። ለኮርሱና ለፈተናው ደግሞ ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራው እህትህ ብር እንድትልክ ቤተሰብ ተስማምቷል።

ፍርሃትህ ከመሬት የተነሳ አይደለም። አሜሪካ በግንቦት 2011 ዓ.ም. ያለ ፈቃድ የአሜሪካ ቴክኖሎጂ እንዳይሸጥላቸው ከተባሉት ኩባንያዎች ውስጥ ሁዋዌን አስገባች። ከዚያ ወዲህ የወጡት አዳዲስ ስልኮቹ የጉግል መተግበሪያዎች የሏቸውም። በ2015 ደግሞ የረቀቁ ቺፖችና የቺፕ መሥሪያ ማሽኖች ወደ ቻይና እንዳይሄዱ ገደብ ጣለች። ቻይናም በዚያው ዓመት መጨረሻ ለቺፕ በሚያስፈልጉት በጋሊየምና በጀርማኒየም ላይ ቁጥጥር አደረገች።

አንተ ያለህበት ከተማም ይህን ቀምሶታል። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ አንዱ ተስፋ ከቀረጥ ነፃ አሜሪካ የሚገባ ልብስ ነበር። በታኅሣሥ 2014 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ይህን የቀረጥ ነፃ ዕድል ከሚሰጠው ሕጓ፣ አስወጣች። ጦርነቱም ኮምቦልቻ የገባው በዚያው ዓመት ነው። ዋሽንግተን ላይ የተላለፈ ውሳኔ እዚህ ስፌት ማሽን ላይ የተቀመጠች ልጅ ጋ ይደርሳል።

ግን «የማንን ልማር?» የሚለው ጥያቄህ አይዋጥልኝም። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

እኔ ከደሴ እስከ ወልዲያ ባሉ የሞባይል ሳይቶች (የኔትወርክ ማማዎች) ቴክኒሻን ነበርኩ። የሠለጠንኩት በስዊድኑ በኤሪክሰን ዕቃ ነው። በሚሊኒየሙ ዋዜማ የቻይናው የዜድቲኢ ዕቃ መጣ። በ2005 መጨረሻ ደግሞ ሁዋዌና ዜድቲኢ እያንዳንዳቸው የ800 ሚሊዮን ዶላር የማስፋፊያ ውል ፈረሙ። ቆይቶ ከዜድቲኢ ድርሻ ተወስዶ ለኤሪክሰን ተሰጠ። አየህ? በአንድ ሰው የሥራ ዘመን ዕቃው ሄዶ ተመልሷል። በእያንዳንዱ ለውጥ የተቸገሩት የአንዱን ኩባንያ ሜኑ ሸምድደው የያዙ ልጆች ነበሩ። ጎበዞች ነበሩ፣ ያሳዝኑኝ ነበር።

አንድ ማታ አምባሰል ላይ አንድ ሳይት ጠፋ። ካቢኔው አዲስ ነው፣ በቅጡ አልሠለጠንንበትም። ኃይሉን ከምንጩ ጀምሬ ደረጃ በደረጃ ለካሁ። የባትሪው ማያያዣ ላልቶ ነበር። 48 ቮልት በኤሪክሰንም በቻይናውም ያው 48 ቮልት ነው።

ኔትወርኩም እንደዚያው ነው። የ4ጂና የ5ጂ ስታንዳርድ የሚወጣው 3ጂፒፒ በሚባለው የጋራ መድረክ ነው። ሁዋዌም፣ ኤሪክሰንም፣ የአሜሪካው ኳልኮምም እዚያ ይሳተፋሉ። አይፒ አድራሻ ማከፋፈልን፣ ራውቲንግን (መረጃ የሚሄድበትን መንገድ መምረጥን)፣ ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት፣ ፋይበር መበየድን አጥብቀህ ብትይዝ የአንዱን ኩባንያ ትዕዛዝ ወደ ሌላው ማዞር የሳምንታት ሥራ ነው። መሠረቱ ከሌለህ ግን ሁለቱም ሰርተፊኬት ግድግዳ ላይ ይቀራል።

የኃይል ኤሌክትሮኒክስንም አትናቀው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሏል። የኤሌክትሪኮቹ በብዛት ከቻይና ይመጣሉ። ባትሪያቸውንና ቻርጀራቸውን ደሴ ላይ ማን ይጠግናል? እኔ በአንተ ዕድሜ ብሆን እዚህ ላይ ነበር የምገባው።

አሁን ወደ እህትህ ልምጣ። ይህን ለአባትህ አንብብለት። ያ ብር አይነካ። የሰው ቤት እየጠረገች፣ የሰው ልጅ እያሳደገች ያገኘችው ነው። ለወንድም ትምህርት፣ ለቤት ክዳን፣ ለሰርግ እየተባለ ሲያልቅ አይቻለሁ። ልጅቷ ከዓመታት በኋላ ባዶ እጇን ትመለሳለች። ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ሞልቷል፤ ፍቅር ነው ብለን ልናልፈው አይገባም። በስሟ ባንክ ይቀመጥላት። አንተ ደግሞ አያስፈልግህም። ሲስኮ በነፃ የሚሰጣቸው የኢንተርኔት ኮርሶች አሉ፣ መለማመጃው ፓኬት ትሬሰርም ነፃ ነው። ኮዲንግ ካማረህ የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠናም ክፍያ የለውም። የፈተናውን ስትቀጠር ከደመወዝህ ትከፍላለህ።

አጎትህ «ባንክ ግባ» ማለታቸው አይከፋም፤ ባንክም ኔትወርክ አለው፣ ማስታወቂያ ሲወጣ አመልክት። የቻይና ስኮላርሺፕ ከቀናህ ሂድ። እንግሊዝኛህ ግን ይሻሻል፤ ማንዋሉን ማንም አይተረጉምልህም።

ለሴሚስተሩ ዕረፍት የሐረጎን ዳገት ወጥተህ ደሴ ና። ቤት ያስቀመጥኩት አሮጌ ሬክቲፋየር፣ የመስመሩን ኤሲ ኃይል ወደ ዲሲ የሚቀይር ዕቃ፣ አለ። ሽፋኑን ፈትተን አብረን እንለካዋለን። መልቲሜትር አትግዛ፣ የእኔን ትይዛለህ።