ጠይቁን፦ የአማተር ሬዲዮ ጥያቄዎች ከጅማ

ጥያቄ፦ ከወጣትነቴ ጀምሮ አጭር ሞገድ ሳዳምጥ ኖሬ አሁን በጡረታዬ የአማተር (በትርፍ ጊዜ ለፍቅሩ በሬዲዮ የመነጋገር) ፈቃድ ለማውጣት ተነሥቻለሁ። ቤቴ ሕርማታ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግቢው ውስጥ 26 ሜትር የሚራራቁ ሁለት ባሕር ዛፎች አሉ። ከአዲስ አበባ ጋር በ40 ሜትር ሞገድ (በ7 ሜጋኸርዝ አካባቢ) ለመነጋገር ምን አንቴና ልስቀል?

መልስ፦ ዳይፖል፣ ማለትም መሐሉ ላይ ከኬብል ጋር የሚገናኝ ባለ ሁለት ክንድ የሽቦ አንቴና፣ ይበቃዎታል። ጅማና አዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 260 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ መሐል ላይ የግቤ ሸለቆና ተራራው ስላለ የእጅ ሬዲዮ አይደርስም። በ7 ሜጋኸርዝ ግን ሞገዱ ወደ ላይ ወጥቶ ከአዮኖስፌር (ሞገድን ከሚመልሰው የከባቢ አየር የላይኛው ክፍል) ተመልሶ ይወርዳል። ስለዚህ ከ6 እስከ 8 ሜትር ከፍታ ጥሩ ነው። «አንቴና ከፍ ባለ ቁጥር ይሻላል» የሚባለው ለሩቅ አገር ነው።

2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ባለ ብዙ ክር ሽቦ ይግዙ። አንድ ወጥ ሽቦ በንፋስ ሲወዛወዝ ከብየዳው ሥር ይበጠሳል። ሁለት ክንድ፣ እያንዳንዱ 10.3 ሜትር አድርገው ይቁረጡ። መሐሉ ላይ ወደ ሬዲዮው የሚወርደውን የአርጂ 58 ኬብል እምብርት (የመሐል ሽቦ) ከአንዱ ክንድ፣ ሹራቡን (በዙሪያው የተጠለፈውን ሽቦ) ከሌላው ጋር ይበይዱ። ከመጋጠሚያው ሥር ኬብሉን 11 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው የፕላስቲክ ቱቦ ላይ 14 ዙር ይጠምጥሙት፤ ያለዚያ ሞገዱ በኬብሉ ውጭ ተመልሶ ቤት ይገባል።

ሰቅለው ሲለኩ ዝቅተኛው ኤስ.ደብሊው.አር (ከአንቴናው ወደ ሬዲዮው የሚመለሰውን ኃይል የሚያሳይ ልኬት) 6.9 ሜጋኸርዝ ላይ ቢያርፍ አይደንግጡ፤ የሽቦው ልባስ ነው ወደ ታች የሚጎትተው። የሁለቱ ክንድ ድምር 20.6 ሜትር ሲባዛ በ6.9፣ ሲካፈል ለሚፈለገው 7.1 ሜጋኸርዝ፣ 20.02 ሜትር ይመጣል። ከእያንዳንዱ ጫፍ 29 ሴንቲ ሜትር ይቀነሳል ማለት ነው። ግን አይቁረጡት! መልሰው አጥፈው በራሱ ላይ ይጠምጥሙት፤ የተቆረጠ አይቀጠልም፣ የታጠፈ ይፈታል።

ዛፍ ይወዛወዛል። አንዱን ጫፍ በካሩኮላ አሳልፈው ግማሽ ድረስ አሸዋ የያዘ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ያንጠልጥሉበት። መጋጠሚያውን በኤሌክትሪክ ቴፕ፣ በላዩ ደግሞ በብስክሌት ከመነዳሪ አጥብቀው ይጠቅልሉ። የጅማ ዝናብ በሹራቡ ውስጥ ለውስጥ ሠርጎ ኬብሉን ያጠቁረዋል፤ ያኔ መለኪያው «ጥሩ ነው» እያለ ኃይሉ መንገድ ላይ ይቀራል። ሽቦው በምንም ዓይነት ከመብራት መስመር በላይም በታችም አይለፍ። ነጎድጓድ ሲያጉረመርም ኬብሉን ነቅለው ከቤት ውጭ ያውጡት።

ፈቃዱ የሚሰጠው በኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ እስኪያገኙ ያዳምጡ እንጂ አያስተላልፉ።

ጥያቄ፦ ማታ መብራት ሲበራ ሬዲዮዬ «ዝዝዝ» ይላል። አንቴናውን ልቀይር?

መልስ፦ አይቀይሩ፤ መጀመሪያ ሬዲዮውን በባትሪ ያስነሡና የቤቱን ዋና ማብሪያ ያጥፉ። ጩኸቱ ከቆመ ጥፋተኛው ቤትዎ ውስጥ ነው። መልሰው አብርተው ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ይንቀሉ፤ ብዙ ጊዜ ርካሽ የኤል.ኢ.ዲ አምፖል ወይም የስልክ ቻርጀር ሆኖ ይገኛል። አምፖሉን ይለውጡት፤ የቻርጀሩን ገመድ ደግሞ በፌራይት ቀለበት ላይ ከ8 እስከ 10 ዙር ይጠምጥሙት። ካልቆመ ትንሽ የባትሪ ሬዲዮ ይዘው በሠፈሩ ይዙሩ፣ ጩኸቱ ወደሚበረታበት ይሂዱ። ጎረቤት ዘንድ ሲደርሱ በክስ ሳይሆን አዲስ አምፖል ይዞ መሄድ ይሻላል። እየተቆራረጠ «ጭርር» የሚለው ግን የሩቅ መብረቅ ነው። በክረምት 40 ሜትርን ይበጠብጠዋል፤ ወደ 14 ሜጋኸርዝ ሲወጡ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ያነጋገርኳቸው የውጭ አገር ጣቢያዎች «መዝገባችን ላይ የለህም» ብለው መለሱልኝ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ሰዓት ሳይሆን አይቀርም። የዓለም አማተሮች ግንኙነታቸውን የሚመዘግቡት በዓለም አቀፉ ሰዓት (ዩ.ቲ.ሲ) ነው፤ የጻፍከው ሰዓት ከነሱ ጋር ካልገጠመ አያገኙህም። የኛ አገር ሰዓት ላይ 3 ደምር፦ ከጧቱ 1 ሰዓት 04:00 ነው፣ ከቀኑ 9 ሰዓት 12:00፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት 17:00 (በ24 ሰዓት አቆጣጠር ስለሚጻፍ ለማታና ለሌሊት 12 ይጨመራል)። ብዙዎች የሚሳሳቱት የስልካቸው ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ሆኖ ሳለ 3 ሲደምሩ ነው፤ ከሱ ላይ ግን 3 ይቀነሳል። ቀኑም የሚለወጠው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ50 ላይ ያደረግኸው ግንኙነት የሚጻፈው በፈረንጆቹ የትናንት ቀን፣ 23:50 ብለህ ነው።